የጋሼ ስፖኪዮ

ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ፒያሳ ላይ የቀሩኝ ሰው አንድ ነበሩ፤ ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጡ መካኒክ። ጋሼ ነው የምላቸው። አባታቸው ከሲሲሊ መጥቶ እዚሁ የቀረ ጣሊያን፣ እናታቸው የውቤ በረሃ ልጅ። ጠዋት ጠዋት ባንኮኒ ተደግፈን ማኪያቶ እንጠጣለን። ከዚያ በኋላ እስከ ማግስቱ ድረስ የሚያናግረኝ ሰው የለም።

አምና “መኪና ጠባቂ ነን” የሚሉ ሰዎች ሰፈራችን መጡ። መኪናውን ያላስጠበቀ ሰው ስፖኪዮው ይነቀላል። ሁላችንም አስጠበቅን። ጋሼ ብቻ እምቢ አሉ።

“የአባቴ አገር የተበላሸው እኮ እንዲህ ነው” አሉኝ። “ባለርስቶቹ ከተማ ተቀምጠው የሎሚ እርሻቸውን ለዘበኛ ሰጡ። የጣሊያን መንግሥት ገና አዲስ፣ ያውም ሩቅ ነው፤ ዳኛ ፍለጋ ማን ይሄዳል? ዘበኛው ጌታ ሆነ። ዘበኛ አልቀጥርም ያለ ሰው ጠዋት ሲነሳ ዛፉን ተቆርጦ ያገኘዋል። ያየ ሞልቷል፣ የሚናገር ግን የለም። ቀስ በቀስ ዘበኞቹ እርስ በርስ ተማማሉ። ማፊያ የምትሉት ይኸው ነው።”

“ኧረ ጋሼ! ለአንድ ስፖኪዮ ሲሲሊ ድረስ ወሰዱኝ!” ብዬ ሳቅሁባቸው።

በሳምንቱ እሁድ፣ ከምሳ በኋላ፣ መስኮቴ ላይ ቆሜ ዝናቡ ሲያባራ አያለሁ። ያ “ፋዘር” እያለ የሚያቆላምጠኝ ጠባቂ የጋሼን ቮልስ ስፖኪዮ በካቻቢቴ ፈትቶ ኮቱ ውስጥ ከተተው። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ጠቀሰኝ።

ትንሽ ቆይቶ ጋሼ ፖሊስ ይዘው ቤቴ ድረስ መጡ። መስኮቴ መኪናቸውን ፊት ለፊት እንደሚያይ ያውቃሉ። “እሱን ጠይቀው፣ እሱ አይዋሽም” አሉት። በመስኮቱ ሳይ ጠባቂው ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ጥርሱን ይፍቃል። እኔ ደግሞ አራዳ ነኝ ባይ! ከልጅነቴ ጀምሮ አይቶ እንዳላየ ማለፍን እንደ ትልቅ ሙያ ይዤዋለሁ። ደግሞስ ምን እደብቃለሁ፣ ፈራሁ። ብቻዬን ነው የምኖረው።

“አላየሁም” አልኩ።

ጋሼ አልተቆጡም። ምነው በተቆጡኝ! ፖሊሱን “በል እንሂድ” ብለው ደረጃውን ቀስ እያሉ ወረዱ።

በማግስቱ ካፌ ቀሩ። በሦስተኛው ቀን ይቅርታ ልጠይቃቸው፣ ጣቢያም ሄጄ ያየሁትን ልናገር ቆርጬ፣ ማልጄ ቦታችን ላይ ቆምኩ። መጡ። የባንኮኒው ሌላኛው ጫፍ ላይ ቆሙ። በመሃላችን ማንም አልነበረም።

“ጋሼ፣ ዛሬ ምን ሆኑ?” አለቻቸው ማኪያቶ የምትሠራው ልጅ፣ እየሳቀች። “ጓደኛዎ እኮ እዚህ ነው። አላዩትም እንዴ?”

ዞረው ዓይን ዓይኔን ትክ ብለው አዩኝ።

“አላየሁም” አሉ።