መምህር አዱኛን ለመቅበር ከገሳይ ማዶ

ደብረ ታቦር፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

የመምህር አዱኛን ሬሳ ከሆስፒታል ያወጣነው ጎህ ሲቀድ ነው። ጥቅምት ስለሆነ ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ሹፌራችን አያሌው የሚኒባሱን የኋላ ወንበሮች ነቅሎ ሳጥኑን አስገባ። ባለቤታቸው እትዬ ማርታ ከሳጥኑ አጠገብ ተቀመጡ፤ እኔ ከፊት። የትምህርት ቤት ባልደረቦቻችን ሰንደቅ ዓላማ አምጥተው ሳጥኑን አለበሱት፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ብቻ፣ ሌላ ምንም የሌለበት። መምህር አዱኛ ሠላሳ ዓመት ታሪክ አስተምረዋል። ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል ኮፍያቸውን አውልቀው ቀጥ ብለው ይቆሙ ነበር።

"መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው ተብሏል" አለ አያሌው። "ግን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ እኔ የለሁበትም።"

የምሄደው ባልደረባ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም። እኔ ከእምድብር የመጣሁ የሂሳብ መምህር ነኝ፤ ካቶሊክ። እሳቸው የተወለዱት እዚሁ፣ ከገሳይ ማዶ ነው። በልጅነታቸው በድርቁ ዘመን ቤተሰብ ሲበተን እኛ አገር ደርሰው በሚስዮን ትምህርት ቤት አደጉ፤ ካቶሊክ ሆኑ፤ እትዬ ማርታን አገቡ፤ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ለቅዳሴ አብረን ባሕር ዳር እንወርድ ነበር። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ተክለ ሃይማኖትና ገብረ መንፈስ ቅዱስ፣ ከጎናቸው ደግሞ ሕፃን የታቀፈ የፈረንጅ ቅዱስ ተሰቅለዋል። ጎረቤት "ይሄኛው የማን አገር ሰው ነው?" ሲላቸው ይስቁና "ሰማይ ቤት መታወቂያ አይጠየቅም" ይላሉ። ጊዮርጊስን በየወሩ ይዘክራሉ። "ስንቀድስ በግዕዝ፣ ስንጾም እንደ አገሩ፤ እኔ ከየት ነው የወጣሁት?" ይሉኝ ነበር።

ኑዛዜያቸው አንድ ነው፦ በመንደራቸው ጊዮርጊስ፣ ከእናታቸው ጎን።

ኬላው፣ አንድ ሰዓት ተኩል

ገመዱ ተወጥሯል። አንድ ወጣት ወታደር በሩን ከፍቶ ሳጥኑን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ። ቀጥሎ ባንዲራውን አየ።

"ይሄ ኮከብ የለውም። ይነሣ።"

"ልጄ፣ ሬሳ ላይ ነው'ኮ" አሉ እትዬ ማርታ።

"እማማ፣ አልቀማዎትም። አጥፉት ነው ያልኩት። ከላይ ያሉት ካዩት ለእኔም ለእናንተም አይሆንም።"

አጥፌ ከወንበሬ ሥር አስገባሁት። ሳጥኑ ባዶ ጣውላውን ቀረ። እትዬ ማርታ ነጠላቸውን አውልቀው ደረቡበት።

ገሳይ፣ ሦስት ሰዓት

ጭቃ፣ እህል የጫኑ አይሱዙዎች፣ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ የሚሸጡ ሴቶች። አያሌው አንድ ሳህን ገዛ፤ የነካው የለም። የመምህር አዱኛ ታላቅ ወንድም አቶ ካሳ ከመንደሩ ሰዎች ጋር ቃሬዛ ይዘው ይጠብቁናል። ከዚህ ወዲያ መኪና አይገባም። ሬሳው በትከሻ ሆነ፤ መንገዱ ቢጫ እየሆነ ባለ ገብስ መሐል። ጉና ደመና ለብሷል። ሴቶቹ ከኋላ እያለቀሱ ይከተላሉ።

አቶ ካሳ ክንዴን ያዝ አድርገው ከሰው ለዩኝ።

"መምህር፣ አንድ ነገር አለ። ሰዎቹ ሰምተዋል።"

"ምኑን?"

"ካቶሊክ መሆኑን። እኔ ለዓመታት ደብቄው ነበር።"

የጊዮርጊስ ደጅ፣ አምስት ሰዓት

ደወል የለም። ቄሰ ገበዙ በሩ ላይ ብቻቸውን ቆመዋል። ሽማግሌ ናቸው፤ ዓይናቸው ቀልቷል።

"ከአዱኛ ጋር ፊደል የቆጠርነው እዚች ጥድ ሥር ነው" አሉ። "እኔ ልከለክለው እወዳለሁ?"

"ታዲያ አስገቡት፣ አባ!" አሉ አቶ ካሳ። "ጾሙን ጾሟል። ጊዮርጊስን ዘክሯል። ቅዱሳኑን እንደ እናንተው አክብሯል!"

"ዝክሩን አልነቀፍኩም። ሥጋ ወደሙን የተቀበለው ግን ከማን ነው? ለሮማው ጳጳስ ሲጸልይ የኖረን ሰው እዚህ ብፈታው ነገ ሕዝቡ ምን ይለኛል? አገሩን ለፈረንጅ ሰጠ ነው የሚሉት።"

ቃሬዛው ጥዱ ሥር ተቀመጠ። ስድስት ሰዓት ሆነ፤ ሰባት ሆነ፤ ፀሐዩ በረታ። ሰዎቹ ተነጋገሩ፤ ተቆጡ። አያሌው ከገሳይ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው እያለ ሁለት ጊዜ ደወለልኝ። ስምንት ሰዓት ሲቃረብ ቄሰ ገበዙ ወደ እኛ መጡ።

"ከመሞቱ በፊት ወደ እኛ ተመልሶ እንደሆነ ንገሩኝ። አንድ ቃል ይበቃኛል።"

"አልተመለሰም!" አሉ እትዬ ማርታ ከተቀመጡበት ተነሥተው። "ከየት ነው የሚመለሰው? የት ሄዶ?"

ቄሰ ገበዙ ወደ እኔ ዞሩ። አቶ ካሳም አዩኝ፤ የሚለምን ዓይን ነው።

እውነቱን የማውቀው እኔ ነኝ። መምህር አዱኛ የባሕር ዳሩ ካህናችን እንዲመጡላቸው ሦስት ቀን ጠበቁ፤ መንገዱ ተዘግቶ ካህኑ ቀሩ። በመጨረሻው ቀን እጃቸውን ይዤ የቅዱሳንን ስም አንድ በአንድ እየጠራሁ እሳቸው "ለምኑልን" ይሉ ነበር። ድምፃቸው ሲያልቅ በከንፈራቸው ብቻ።

"ተመልሰዋል" አልኩ። "ሆስፒታል ቄስ አስጠርተው ንስሐ ገብተዋል።"

ቄሰ ገበዙ ፊቴን አዩ። ያመኑኝ አይመስለኝም።

"ይሁን" አሉና ደወሉን አስደወሉ።

ከእናታቸው ጎን ተቆፈረ። ፍትሐቱ ሙሉ ነበር፤ አንድም አልጎደለም። ካህናቱ የጠሯቸው ቅዱሳን እኔ አልጋቸው አጠገብ የጠራኋቸው ናቸው። እትዬ ማርታ ግን ከደጁ አልገቡም። ከቅጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ ጉና አዞሩ።

ወደ ደብረ ታቦር፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ

አያሌው ይነዳል። ከገሳይ ብዙ ከራቅን በኋላ፣

"እትዬ፣ ኑዛዜያቸው ነበር'ኮ" አልኩ።

"እናቱ ጎን እሱ ራሱ እንዲተኛ ነበር የተናዘዘው" አሉኝ። "ሠላሳ ዓመት ከተማ ውስጥ በካቶሊክነቱ ሲሰደብ የቻለው ተመልሻለሁ ላለማለት ነው። መናገር ሲያቅተው አንተ አልክለት።"

ሬሳው እንዳይመለስ ብዬ ነው እላለሁ፤ ፀሐዩን ፈርቼ፣ መንገዱን ፈርቼ፣ የእነዚያን ሰዎች ዓይን ፈርቼ እንደሆነም አውቃለሁ።

ከተማ ስንገባ አሥራ አንድ ሊሆን ነው። የእድሩ ድንኳን ተተክሎ ወንበር ተደርድሯል። አንዲት ጎረቤት ሮጠው እትዬ ማርታን አቀፏቸው።

"ተቀበረ? እንዳለው እናቱ ጎን አደረጋችሁት?"

"አንድ ሰው ቀብረዋል" አሉ እትዬ ማርታ። "ባሌን ግን የት እንዳደረሱት፣ ይሄን ልጅ ጠይቁት።"

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።