ከዳዊቱ ማኅደር የወጣው ፓስዎርድ

ልጄ ከዩኒቨርሲቲ በተመረቀች ዕለት አባቷ ምርቃቱ ላይ ሊገኝ ሄደ፤ እኔ ደብረ ማርቆስ ቀረሁ። መንገዱ አያስተማምንም ነበርና ሁለታችን አንድ መኪና ላይ አንወጣም ያልኩት እኔው ነኝ። አንድ ነገር ቢደርስ ታናናሾቿን ማን ያሳድጋል ብዬ። ምርቃቱ በኢንተርኔት በቀጥታ ይተላለፋል ስለተባለ፣ በቴሌቪዥን አያታለሁ ብዬ ተጽናናሁ።

ቴሌቪዥናችን ግን ከዋይፋዩ ጋር ተገናኝቶ አያውቅም። እስከዚያ ቀን ኢንተርኔት የምንጠቀመው በባለቤቴ ስልክ ነበር፤ እሱንም ይዞት ሄዷል። የእኔዋ ስልክ ከመደወል ሌላ አታውቅም።

በግቢያችን ተከራይታ የምትኖር አስተማሪ አለች፤ ከወሎ የመጣች፣ ሥርዓት ያላት ልጅ። እሷን ከመጥራት ሌላ ምርጫ አልነበረኝም። የከበደኝ ቀድሞ ስለዋሸኋት ነው። ከሁለት ወር በፊት የተማሪዎቿን ውጤት ለመላክ ፓስዎርዱን ስትጠይቀኝ፣ "እኔ ምኑን አውቄው? ልጄ ናት የምታውቀው" ብያት ነበር። ልጄ ግን በወረቀት ጽፋልኝ፣ እኔ በዳዊቴ ማኅደር ውስጥ ከትቼዋለሁ። ሰው በእኛ መስመር የማይሆን ነገር ቢጽፍ የሚንኳኳው የእኛ በር ነው ብዬ እፈራ ነበር። እሷ እንዲያ ያለች ሰው እንዳልሆነች እያወቅሁ።

መጣችና ሪሞቱን ጥቂት ነካካች።

"ይኸው ዋይፋዩን አገኘው። አሁን ፓስዎርድ ይጠይቃል፣ እትዬ።"

"ቆይ፣ ለልጄ ደውዬ ልጠይቃት።"

"አሁን ተሰልፋ ስልክ ታነሣለች ብለው ነው?"

"ለእኔ ታነሣለች።"

ጓዳ ገባሁ። ለማንም ሳልደውል ስልኬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ "እሺ ልጄ፣ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ፣ ልጻፈው" አልኩ ጮክ ብዬ። ከዚያ ወረቀቱን ከማኅደሩ አውጥቼ ሰጠኋት።

ወረቀቱ በአራት የታጠፈ፣ ጥጉን የጧፍ ሰም የነካው ነው። የእንግሊዝኛ ፊደሎቹ ቀጥ ብለው ተደርድረዋል። እኔ በአራተኛ ክፍል ትምህርቴ እንዲያ አልጽፍም፤ ይህንንም ታውቃለች፣ የኪራይ ውላችንን ስፈርም አይታኛለች።

ወረቀቱን አየች፤ ከዚያ እኔን።

"ይቺ ስልክ ጽሕፈትም ትቀበላለች እንዴ?" አለች። ፈገግ ብላለች፤ ግን እንደከፋት ያስታውቃል።

ፊደሎቹን አንድ በአንድ አስገባችና ቴሌቪዥኑ ተገናኘ።

ተመራቂዎቹ ሁሉም ጥቁር ለብሰው አንድ ሆኑብኝ። "ያቻት፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ቆቧን በእጇ የደገፈችው" አለች። እውነትም ልጄ ናት። ቆቡ እንዳይወድቅባት ከላይ ይዛዋለች፤ ፍርሃቷ ከእኔ ነው። እያየኋት አለቀስኩ።

እንባዬን ጠርጌ ዞር ስል፣ አስተማሪዋ ወረቀቱን እንደነበረው አጥፋ ሶፋው ላይ አስቀምጣዋለች።

"እኔ ልሂድ እንግዲህ።"

"ቁጭ በይ። ስልክሽን አምጪ።"

"ይተዉት እትዬ፣ ካርድ ሞልቻለሁ።"

"አምጪ አልኩሽ። ፈርቼ ነው እንጂ ንቄሽ አይደለም።"

"እንግዲያው እርስዎ ያንብቡልኝ" አለች።

ሳነብላት አንዷን ፊደል አሳሳትኳት፤ ሁለት ጊዜ እምቢ አለ።

"አሁን ደግሞ ሆን ብለው ነው" ብላ ሳቀች። በሦስተኛው ገባላት።

ፍርሃቴ በዚያ ቀን አልለቀቀኝም። በሷ ክፍል በኩል ባለፍኩ ቁጥር ማን ምን እየጻፈ ይሆን እላለሁ። ቢሆንም ልጄ ስትመጣ ፓስዎርዱን ቀይሪልኝ አላልኳትም።