ሳህኑ ይዞራል፣ ውሃው አይሞቅም

አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ከደምበጫ ገጠር ፍኖተ ሰላም እኛ ቤት የመጡት ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ካለ በኋላ ነው። ባለቤቴም እኔም አስተማሪዎች ስለነበርን ቀኑን ብቻቸውን ነበር የሚውሉት። ምሳቸውን ላሙቅላቸው እኔ ስመጣ በጣም ይከብዳቸዋል። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ይስቡና፣ «እርስዎን እንዲህ ላስቸግር?» ይላሉ።

ዓረብ አገር የምትሠራው የባለቤቴ እህት ማይክሮዌቭ የላከችልን በዚያን ጊዜ ነው። ሁለት ቀን አለማመድናቸው። በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ሽሮውን ራሳቸው አሙቀው በልተው፣ ሳህኑንም በአንድ እጃቸው አጥበው አገኘናቸው። ከመጡ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው።

አራት ወር አልቆየም። አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመለስ አምፖሎቹ ቦግ ብለው ሁለቱ ተቃጠሉ። ማይክሮዌቩ ግን የተረፈ መስሎን ነበር፤ ውስጡ ይበራል፣ ሳህኑ ይዞራል፣ ድምፁም ያው ነው። አንድ ብርጭቆ ውሃ አስገብቼ ሦስት ደቂቃ ጠበቅሁ። ውሃው እንደገባ ወጣ።

ፊዚክስ አስተማሪ ነኝና ከትምህርት ቤት ቴስተር ተውሼ ፊውዙን ለካሁት። ደህና ነው። ከዚያ ያለፈውን ለመንካት ፈራሁ። ቅዳሜ ተሸክሜው በአውቶቡስ ቡሬ ሄድኩ፤ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ እንዳሉ ሰምቼ ነበር። ሰክተው ሞከሩት፣ ነቀሉት፣ ከዚያ በካቻቪቴ ጫፍ ውስጡ ያሉ ሁለት ብረቶችን አገናኙ። ጧ ብሎ ብልጭ አለ።

«ተነቅሎም ውስጡ በሚቀረው ኤሌክትሪክ ሰው ይገድላል፤ እንኳንም አልነኩት» አሉኝ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ደከሙበት። ዳዮድ የሚባለውን ትንሽ ዕቃ ቀይረው ሞከሩ፤ ውሃው ያው ቀዝቃዛ ነው። በመጨረሻ፣ «ሙቀቱን የሚያመነጨው ማግኔትሮኑ ሞቷል። እዚህ የለም፤ ባሕር ዳርም የሚገኝ አይመስለኝም» አሉ።

አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ ብዙ ፈልጎ አንድ አሮጌ ማግኔትሮን ላከልኝ። ይዤው ወደ ቡሬ ተመለስኩ። የብሎኑ ቀዳዳ አልገጥም አለ። ሽማግሌው አገላብጠው አዩትና በመጣበት ጋዜጣ መልሰው ጠቀለሉት።

አማቴ ምሳ ላሙቅልዎ ስላቸው «አልራበኝም» ማለት ጀመሩ። በፔርሙዝ ብናስቀምጥላቸው ክዳኑን በአንድ እጅ መክፈት አቃታቸው። ሠራተኛ እንቅጠር ብንል እምቢ አሉ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ እኔን ሳያዩ፣ «ወንድሜን ጥሩልኝ፤ አገሬ ይውሰደኝ» አሏት ልጃቸውን።

«ምን አጠፋን?» አለች ባለቤቴ።

«ምንም አላጠፋችሁም። እሱ የእናቴ ልጅ ነው፤ ቢያጎርሰኝ አላፍርም።»

ወንድማቸው በሳምንቱ መጥተው ወሰዷቸው። ባለቤቴ መናኸሪያ ድረስ ሸኝታቸው ተመለሰች፤ ፍራሻቸውን አውጥታ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። ልንጠይቃቸው እንሄዳለን ስንል ክረምት ገባ፣ መንገዱ ጭቃ ሆነ። መሞታቸውን የሰማነው ከተቀበሩ በሁለተኛው ቀን ነው።