ለሉሲ ያልቆጠርኩት ዘር

መጀመሪያ ቀን የተሰጠኝ ሥራ እጄን መታጠብ ነበር። መቶ አለቃ ፈንታሁን ቢቸና ባለው ግቢያቸው በር ላይ በረኪና የተቀላቀለበት ውኃ በባልዲ አስቀምጠው ጠበቁኝ። ጫማዬን አስወልቀው የላስቲክ ጫማ ሰጡኝ። «ከመንገድ ያመጣሽው በሽታ እዚያው መንገድ ላይ ይቅር» አሉ። ከዚያ የአራት ቀን ቡችሎችን አንድ በአንድ በወጥ ቤት ሚዛን ላይ እያስቀመጥኩ ክብደታቸውን እንድጽፍ አዘዙኝ። ለመለያ እያንዳንዳቸው አንገት ላይ የተለያየ ቀለም ያለው ክር ታስሯል። ባለ ቀይ ክሩ ከትናንት ቀንሷል።

«ይሄኛው ቀንሷል» አልኳቸው።

«በይ ሥራሽ እሱ ነው። የወፈረውንማ ማንም ያየዋል።»

መቶ አለቃ በውትድርና ዘመናቸው ውሻ አሠልጣኝ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ንጹሕ ዘር ያላቸው ጀርመን ሼፐርዶች ማራባት ጀመሩ። እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወድቄ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤትም ፋርማሲም ሠርቼ ሁለቱንም ጥዬ የወጣሁ ነበርኩ። አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም። እሳቸው ግቢ ግን ስድስት ዓመት ቆየሁ።

ደንባቸው ብዙ ነበር። ሴት ውሻ ሁለት ዓመት ሳይሞላት አትወልድም፤ ወልዳም ዓመት ሳታርፍ አይደገምባትም። ቡችላ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ ክትባቱንና የትል መድኃኒቱን ሳይወስድ ከእናቱ አይለይም። ውሻ የሚፈልግ ሰው ራሱ ይመጣል፤ መልእክተኛ አይቀበሉም። አንዴ አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ሹፌሩን ቢልክ «ውሻው ከሹፌሩ ጋር ነው የሚኖረው?» ብለው ባዶ እጁን መለሱት። ከእኛ የወጣ ውሻ ደግሞ ባለቤቱ ካልቻለው፣ ቢያረጅም ቢታመምም፣ ወደ እኛ ይመለሳል።

ከሁሉም በላይ ግን መዝገቡ ነበር። ለእያንዳንዱ ውሻ አንድ ገጽ አለው። አባቱ፣ እናቱ፣ አያቶቹ፣ ምን እንደታመመ፣ ማን እንደወሰደው ተጽፏል። ሁለት ውሾች ከመገናኘታቸው በፊት መቶ አለቃ መነጽራቸውን አድርገው የሁለቱንም ዘር ወደ ላይ ይቆጥራሉ። አንዳንድ ገጽ ግርጌ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈ አለ። የሉሲ እናት ገጽ ላይ «ወንድሟ በዳሌ ታመመ። ይህ ዘር ከራሱ ጋር አይገናኝ» ይላል።

ሉሲ እኔ ያሳደግኳት ውሻ ናት። ስትወለድ ባለ አረንጓዴ ክር ነበረች። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ መካከላቸው ገብታ ትቀመጥ ነበር። ሦስተኛ ዓመቷን ስትይዝ ልናስወልዳት ተስማማን። የቀረን ተስማሚ ወንድ ማግኘት ነበር።

በሁዳዴ የቢቸና ሥጋ ቤቶች ሲዘጉ ለውሾቹ ሥጋና አጥንት የማመጣው ከሞጣ፣ ከሙስሊሞቹ ሥጋ ቤት ነው። እዚያው አጠገብ ጨርቅ የሚነግዱ አቶ ሰይድ የሚባሉ ሰው አሉ። ሱቃቸው በር ላይ መቻል የሚባል ጀርመን ሼፐርድ ይተኛል። ሰፊ ደረት፣ ቀጥ ያለ ጆሮ፣ የተረጋጋ ዓይን።

«የሻረግ፣ በጾም ሥጋ ተሸክመሽ ስትሄጂ ቄሱ አያዩሽም?» ይሉኛል።

«ያዩኛል። ውሻዋ ናት የምትበላው እላቸዋለሁ።»

«የኔውም ያው ነው። ሁዳዴ አያውቅ፣ ረመዳን አያውቅ!»

በዚያ ዓመት ሁዳዴ ቤታችን ሽማግሌ መጥቶ ነበር። ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ የምንዋደድ ልጅ ነው የላካቸው። ከፋሲካ በኋላ ልንጋባ አስበናል። ሽማግሌዎቹና አባቴ ተቀምጠው ዘር ቆጠሩ። ሰባት ቤት ድረስ ዝምድና ከተገኘ ጋብቻ የለም። አምስተኛው ቤት በሰላም አለፈ። ስድስተኛው ላይ የእሱም የእኔም ዘር ከአንድ ሰው የሚወለድ ሆኖ ተገኘ። ነገሩ እዚያው አለቀ። በነጋታው ልጁ መንገድ ላይ አግኝቶኝ «እንግዲህ እህቴ ነሽ» ብሎ ጨበጠኝና ሄደ።

ከዚያ ወዲህ «ቆጠሩ» የሚለውን ቃል መስማት አልፈልግም ነበር። ስድስት ቤት ወደ ላይ ያለውን ሰው እኔ አላውቀው፣ እሱ አያውቀኝ። በእሱ ምክንያት የምወደውን ሰው አጣሁ እያልኩ ከራሴ ጋር እጣላለሁ።

ሉሲ ወንድ የምትፈልግበት ጊዜ በዚሁ ሳምንት ደረሰ። መቶ አለቃ ለዓይን ቀዶ ሕክምና ባሕር ዳር ሄደዋል። የሴት ውሻ ቀን ሰው አይጠብቅም፤ ጥቂት ቀን ካለፈ ወራት መጠበቅ ነው። አቶ ሰይድን ስጠይቃቸው «ደስ ይለኛል፣ አምጫት» አሉኝ።

«ግን መቻልን ከየት ነው ያገኙት?»

«ደጀን አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ጉዞ ሲበዛበት ለእኔ ሰጠኝ።»

ደጀን ሲሉ ልቤ ውስጥ አንድ ነገር ቆረቆረኝ። የደጀን ሹፌር የሚል ነገር መዝገቡ ላይ ያየሁ መሰለኝ። መቶ አለቃ ቤት ስገባ መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ ነው። ገልጬ ለማየት ሩብ ሰዓት አይፈጅብኝም። አልገለጥኩትም።

መቶ አለቃ ከሆስፒታል ደወሉ። ዓይናቸው ታሽጓል።

«ወንድ አገኘሽ?»

«ሞጣ አንድ ጥሩ አለ።»

«ቆጥረሻል?»

«አዎ፣ ቆጥሬያለሁ።»

«እስቲ አንብቢልኝ።»

«አይሰማም መቶ አለቃ፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው» አልኩና ዘጋሁት። ኔትወርኩ ደህና ነበር።

በማግሥቱ ሉሲን በሚኒባስ ሞጣ ወሰድኳት። ከሁለት ወር በኋላ አምስት ቡችሎች ወለደች። አምስቱንም በእጄ ተቀብዬ በፎጣ አደረቅኋቸው። ሲመዘኑ አንድም ቀን አልቀነሱም። መቶ አለቃ ዓይናቸው ድኖ ሲያዩአቸው «እጅሽ ይባረክ» አሉኝ። ያን ጊዜ ልነግራቸው እችል ነበር።

ባለ ሰማያዊ ክሯን መምህር አለሙ ወሰዷት። የሞጣ ሰው ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር። ሚስታቸው በሞቱ በዓመቱ ነው የመጡት። መቶ አለቃ እንደ ልማዳቸው ጠየቋቸው።

«ቤት ውስጥ ሌላ ማን አለ?»

«ማንም።»

«ታመው ቢተኙ ውሻዋን ማን ያያታል?»

«እኔ ብተኛ እሷ ትጮኻለች፤ ጎረቤት ይሰማል። አሁን ብተኛ የሚጮኽልኝ የለም።»

መቶ አለቃ ሌላ አልጠየቁም። መምህር ቡችላዋን ጋቢያቸው ውስጥ አስገብተው፣ ስሟን አለኝታ ብለው ሄዱ።

ሰባት ወር ሲሆናት መምህር ደወሉልኝ። «የሻረግ ልጄ፣ አለኝታ ከተኛችበት መነሣት እያቃታት ነው። እንደ ጥንቸል ሁለቱን የኋላ እግሯን አንድ ላይ ነው የምታነሣው። ቢበርዳት ይሆን?»

ያን ቀን መዝገቡን ገለጥኩ። ገጹን ለመፈለግ እንኳ አልተቸገርኩም። ወንድ፣ ባለ ጥቁር ክር፣ አባቱ የሉሲ አባት፣ እናቱ የሉሲ እናት፣ የወሰደው የደጀን ሹፌር። እኔ ከመምጣቴ በፊት የወጣ ነው። መቻል የሉሲ ታላቅ ወንድም ነበር።

መዝገቡን እንደተገለጠ ይዤ መቶ አለቃ ዘንድ ገባሁና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የስልኩንም ጭምር። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ለአንቺ ሽማግሌዎቹ ስንት ቤት ቆጠሩልሽ?»

«ስድስት።»

«አንቺስ ለሉሲ?»

አልጮኹብኝም። «አምስቱም ቤት ሄደሽ በአፍሽ ትነግሪያለሽ። በስልክ አይደለም» ብቻ አሉ።

ሄድኩ። ሁለቱ ቡችሎች ደህና ነበሩ፤ እንዳያስወልዷቸው ባለቤቶቻቸውን ለመንኩ። ግንደወይን ያለው ያነክሳል። የወሰዱት ሴትዮ በር ላይ ቆመው «ወንድምና እህት አጋብተሽ ነው ያመጣሽልኝ? ለሰው የምታፍሩትን ለውሻ አታፍሩም?» አሉኝ። መልሰው ሰጡኝ። እዚያው ቢቸና የነበረውም ዳሌው ታሞ ወደ ግቢያችን ተመለሰ።

መምህር አለሙ ቤት የደረስኩት መጨረሻ ነው። የእንስሳት ሐኪም ይዤ ሄድኩ። ሐኪሙ የአለኝታን እግር ዘርግቶ ሲያዞረው መጋጠሚያው ሲንቋቋ ሁላችንም ሰማን። የሕመም ማስታገሻ አዘዘ፤ እንዳትወፍር፣ ደረጃ እንዳትወጣ አለ። የሚያድን ነገር ግን የለም አለ። ሐኪሙ ሲወጣ ለመምህር ያደረግኩትን ነገርኳቸው።

«ሰላሳ ዓመት ሂሳብ አስተምሬያለሁ» አሉ። «ሳይሠራ መልስ የሚጽፍ ተማሪ ነበረኝ። አንዳንዴም መልሱ ልክ ይሆንለታል። እኔ ግን አላሳልፈውም ነበር።»

«ልውሰዳት መምህር። ደንባችን ነው።»

«የእኔም ጉልበት ታሟል፤ ማን መለሰኝ? ተያት።»

ለአንድ ዓመት ያህል በየሁለት ሳምንቱ መድኃኒት ይዤ ሞጣ ተመላለስኩ። መምህር የሟች ሚስታቸውን መቀነት በአለኝታ ሆድ ሥር አሳልፈው፣ ጫፍና ጫፉን ይዘው ወገቧን ከፍ እያደረጉ በግቢው ያንሸራሽሯት ነበር። እሷ በፊት እግሯ ትሄዳለች፣ እሳቸው ጎንበስ ብለው ይከተላሉ። ሰው ሲያይ ጅራቷን ትቆላ ነበር።

በመጨረሻ መብላት ተወች። ሲነኳት ታለቅሳለች። መምህር ራሳቸው ናቸው ሐኪሙን ያስጠሩት። ሐኪሙ መርፌውን ሲያዘጋጅ እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። መምህር ዞር ብለው «ነይ አንቺ ያዢያት» አሉኝ። «ስትወለድም የተቀበልሻት አንቺ ነሽ።»

ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አድርጌ ያዝኳት። እጄን ላሰችኝ። ከዚያ ተወች።

ጓሮ ቀበርናት። መምህር መቀነቱን አጥበው ገመድ ላይ አሰጡት። ስሰናበታቸው በጤናዋ ያለች ሌላ ቡችላ ላምጣልዎት ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። «ይቅርብኝ ልጄ፤ ይሄም በቃኝ» አሉ። አሁን የሚኖሩት ብቻቸውን ነው።

ሉሲን ዳግም እንዳትወልድ ሐኪም ዘንድ ወስደን አስመከንናት። መቶ አለቃ ሥራውን ትተዋል፤ መዝገቡ እኔ ጋ ነው። ዛሬ በቢቸናም በሞጣም ንጹሕ ዘር አለን እያሉ ውሻ የሚያራቡ ወጣቶች በዝተዋል። አንዳንዶቹ ምክር ሊጠይቁ ይመጣሉ። የውሻውን ቁመትና የጆሮ አቋቋም ያሳዩኛል። እኔ የምጠይቃቸው የአራቱን አያቶች ስም ነው። ካላወቁ አታገናኟቸው እላለሁ። ጊዜው ያልፍብናል ይሉኛል። ይለፍ።