ማንቆርቆሪያውን አንሳው

የሰፈሩ ሰው «ቀና በሉ» ይለዋል፤ ስሙን ያወጣለት የገዛ አፉ ነው። ዕድሜ ልኩን ጉርድ ፎቶ ሲያነሳ ኖሯል። መታወቂያ የሚያወጣው፣ ሥራ የሚያመለክተው፣ ሁሉም የእሱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ «ቀና በሉ፣ ትንሽ ቀና!» ተብሏል። ሰፈሩን በሙሉ ያነሳ ሰው፣ ቤቱ ውስጥ የሚስቱ አንድ ፎቶ የለውም። በልጅነቷ የፈላ ውሃ ግራ ጉንጯን ልጦት ነበርና ካሜራ ባየች ቁጥር ፊቷን ታዞራለች። «የሰው ፊት አልቆ ነው እኔ ላይ የመጣኸው?» ትለዋለች። አይጨቀጭቃትም፤ ግን ይከፋዋል። እውነቱን ለመናገር በጣም ይከፋዋል።

ስቱዲዮውን ዘግቶ ቤት መዋል ከጀመረ ወዲህ እጁ አላርፍ አለው። ጠዋት በወጥ ቤቱ መስኮት የምትገባው ፀሐይ ያረፈችበትን ሁሉ ያነሳል፤ ወንፊቱን፣ የተሸረፈውን ስኒ፣ ገመድ ላይ የተሰጣውን ፎጣ። ሚስቱ «ጡረታ ራስ ላይ ይወጣል እንዴ?» እያለች ትስቃለች።

አንድ ቀን እጇ አረፋ ውስጥ እንዳለ የሻዩ ውሃ ፈላ።

«ማንቆርቆሪያውን አንሳው!» ብላ ጮኸች።

አነሳው! ከምድጃው ላይ ሳይሆን በካሜራው። ውሃው ገንፍሎ እሳቱን አጠፋው።

«አንተ ሰውዬ፣ አንሳው አላልኩህም?»

«አነሳሁት እኮ!»

«እግዜር ይይልህ!»

ፎቶውን አሳጥቦ ከስኳሩ ጣሳ ጋር አስደግፎ አቆመው። ልትነዘንዘው የመጣችው ሚስቱ ጎንበስ ብላ ፎቶውን አየችው። ማንቆርቆሪያው ድሮ ወድቆ አንድ ጎኑ ጎድጉዷል፤ እንግዳ ሲመጣ ያንን ጎኑን ወደ ግድግዳ የምታዞረው እሷው ናት። ፎቶው ላይ ግን ብርሃኑ ሁሉ እዚያ ጎድጓዳው ውስጥ ተጠራቅሞ ነበር።

«የተበላሸውን ጎኑን ነው ያነሳኸው» አለች ቀስ ብላ።

«ብርሃኑ የሚያምረው እዚያ ላይ ነው፤ ታዲያ ምን ላድርግ?»

ፎቶውን ግን ካለበት አላነሳችውም።

ጉልበቷ ከከዳት ወዲህ ቁጭ ካለች ለመነሳት የእሱን እጅ ትፈልጋለች። ከዚያ በኋላ ባለው ሰሞን አንድ ጠዋት፣ መስኮቱ ሥር ዱካ ላይ ተቀምጣ ሩዝ ስትለቅም ቆየችና ሰፌዱን ወደ ጎን አደረገችው።

«በል አንሳኝ» አለችው።

ካሜራውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሮጥ አለና ሁለት እጁን ዘረጋላት። አልያዘችውም። ሻሿን ከጉንጯ ላይ ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ግራ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

«እጅህን አይደለም» አለችው።

ገባው። ካሜራውን አነሳ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ አላሳይ አለው። እሷ ጠብቃ ጠብቃ፣ ፊቷን ከብርሃኑ ሳታዞር፣

«ምነው፣ ለእኔ ሲሆን ‹ቀና በሉ› የለም እንዴ?» አለችው።