ኦገላ የጻፋት አንዲት መስመር

በሐይቅ ዳሯ ከተማ በኪሱሙ፣ ውሃው አጠገብ ባለችው የዓሣ ምርምር ጣቢያ፣ ኦገላን በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም። ከጀልባ ነጂው እስከ ኃላፊው ሁሉም «ሙዋሊሙ» ይሉታል፤ መምህር ማለታቸው ነው። ክፍል ገብቶ አስተምሮ ግን አያውቅም። መምህር ያሰኘችው በየጠረጴዛው ኮምፒውተር ላይ የጫናት ጥቁር መስኮት ናት።

በዚያች መስኮት ሥዕል የለም፣ የሚነካ ምልክት የለም። ትእዛዝህን ትጽፋለህ፣ ትናንሽ ፕሮግራሞች ይሠሩልሃል። አንዷ መስመር ትቆጥራለች፤ ሌላዋ የጠፋ ቃል ትፈልጋለች፤ ሶርት የምትባለው የተዘበራረቀውን በተራ ትደረድራለች። እያንዳንዷ የምታውቀው አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ የአንዷን ውጤት ግን ለሌላዋ እንደ ቧንቧ ውሃ ታሻግርላታለህ። ኦገላ ሃያ ዓመት አብሯቸው ኖሮ እንኳ፣ አሥር ሺህ መስመር በአንድ ትንፋሽ ሲሰለፍ ባየ ቁጥር እንደ ሕፃን ይደነቅ ነበር። ከሁሉ የሚወደው ጨዋነታቸውን ነው። ሥራው ከተቃና ምንም አይሉም፤ አፍ የሚያወጡት ሲበላሽ ነው።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ አዎር ጠራችው። አዎር ዓሣ አጥማጆች የሚልኩትን ደብተር ወደ ኮምፒውተር የምታስገባ የኮንትራት ሠራተኛ ናት። የአራት ወሩን ደብተር፣ አሥራ አንድ ሺህ መስመር፣ ያን ቀን አስገብታ ጨርሳ በቀን ቅደም ተከተል እንዲደረደርላት ፈለገች። ወንበሯን ለቀቀችለትና ሻይ ልታመጣለት ወጣች።

ጀማሪዎችን ሁሉ የሚያስጠነቅቅበት አንድ ስሕተት ነበር፤ የምታነበውን ፋይል መልሰህ በዚያው በራሱ ላይ አትገልብጥ ይላቸዋል። መስኮቷ መቀበያውን ፋይል አስቀድማ ባዶ ታደርገዋለች፤ ሶርት ለማንበብ ስትደርስ የሚነበብ የለም። ወጡን ሳያወጣ ድስቱን እንደሚያጥብ ሰው ነው። ኦገላ ያን ረፋድ ያደረገው ይህንኑ ነው። እጁ ለምዶ፣ ልቡ ሌላ ቦታ ሆኖ።

መስኮቷ ዝም አለች። የፋይሉን መጠን አየ፤ ዜሮ። በየሌሊቱ ቅጂ የሚያስቀረውን ፕሮግራምም ዲስኩ ሞላ ብሎ ከአምስት ወር በፊት ያቆመው ራሱ ነበር።

ሻዩ ሲመጣ ከምሳ በኋላ እናየዋለን አላትና ወጣ። ጥብስ ዓሣና ኡጋሊ፣ የበቆሎ ገንፎ፣ አዘዘ። እስከ አጥንቱ በላው፤ ይህ በኋላ ሲያስበው ገረመው።

እሱ ምሳ ላይ ሳለ ፋይሉ ባዶ መሆኑን አዎር አየች፤ ሲመለስ ኃላፊው ዶክተር ኦዴራ ተጠሩ፣ ሁሉም ወደ ሙዋሊሙ ዞሩ። እሱ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሐይቁን ካርታ እያየ፣ «ሳይቀመጥ ተዘግቶ ይሆናል» አለ።

አዎር ቀና ብላ አየችው። ዶክተር ኦዴራ እንዲህ ያለ ቸልተኝነት እያለ በወሩ መጨረሻ ኮንትራቷን ማደስ እንደሚቸግራቸው ነገሯት። እሷም ዓሣ ዓሣ የሚሸቱትን ደብተሮች መልሳ አወጣችና ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረች።

በማግስቱ በአራት ሰዓቱ ሻይ ላይ ጀልባ ነጂው ዋሶንጋ ስኳር ስትጨምር አይቶ፣ «አዎር፣ ስኳሩን አስቀምጠሽዋል? በኋላ ጠፋ እንዳትዪን» አላት። ሰው ሳቀ። ኦገላም ሳቀ። ከዋሸው ይልቅ የሳቀው ነው ያንገበገበው፤ ማታ ፊቱን ሲታጠብ ያ ሳቅ ከንፈሩ ላይ የቀረ ይመስለውና ደጋግሞ ያሸው ነበር።

ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። አንድ ዓርብ ሁሉም ለምሳ ሲወጣ ወንበሯ ላይ ተቀመጠ። ጥቁሯ መስኮት የተጻፈላትን ትእዛዝ ሁሉ በተራ መዝግባ ታኖራለች። የመጣው ያቺን መስመር ሊሰርዝ ነበር።

አገኛት። ከሥሯ ግን እሱ ያልጻፋቸው መስመሮች ነበሩ። አዎር የፋይሉን መጠን ጠይቃለች። የሶርትን መመሪያ ከፍታ አንብባለች። ከዚያ ሦስት የዓሣ ስሞች ብቻ ያሉበት ትንሽ ፋይል ሠርታ፣ የእሱን ትእዛዝ ቃል በቃል ደግማበታለች፤ ባዶ ሲሆን አይታለች። እንደገና ሠርታ እንደገና ሞክራለች። ቀኑንና ሰዓቱን አየ፤ ያው ማክሰኞ፣ እሱ ምሳ ላይ የነበረበት ሰዓት።

መስመሮቹን ከላይ እስከ ታች ደግሞ አነበባቸው። አዎር ስትገባም ከወንበሯ አልተነሣም።

«ከዚያን ቀን ጀምሮ ታውቂ ነበር» አላት።

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«እርስዎ ይናገራሉ ብዬ ነዋ። ምሳ በልተው ይናገራሉ አልኩ። ከዚያ ነገ ይናገራሉ አልኩ። ኋላ ግን እኔው ስለ እርስዎ ማፈር ጀመርኩ፣ ሙዋሊሙ። ሻይ ቤት ሲገቡ ቀና ብዬ ማየት ተሳነኝ።»

መስመሯን ሳይሰርዛት ተነሥቶ ወደ ዶክተር ኦዴራ ቢሮ ሄደ። ዶክተሩ እስከ መጨረሻው ሰሙት። አልተቆጡም፤ የአዎር ኮንትራት እንደሚታደስ ነገሩት። ሁለት ነገር ብቻ አዘዙት፤ ሰኞ ሻይ ላይ በሰው ፊት እንዲናገር፣ ለመዝገብ ቤትም በእጁ ደብዳቤ እንዲጽፍ።

ሰኞ ተናገረ። ዋሶንጋ ሲኒውን አስቀመጠና አንገቱን ደፋ። ማንም አልሰደበውም፤ ቢሰድቡት ይቀለው ነበር። አንዲት ጽዳት ሠራተኛ ብቻ፣ «አይ ሙዋሊሙ፣ ልጅቱ ጣቷ እስኪያብጥ እኮ ነው የጻፈችው» አለች።

ደብዳቤው እስከ አሥር ሰዓት ፈጀበት። «ይሆናል» የምትለው ቃል ብዕሩ ላይ እየመጣች ሦስት ጊዜ ሰረዛት። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ያወቅሁትም ያኔውኑ ነው ብሎ ጻፈ። መጨረሻ ላይ ወይዘሪት አዎር ይህን ሁሉ በትዕግሥት ችላለች የሚል ጨመረና ከመስጠቱ በፊት አሳያት።

ቆማ አነበበችው። ጣቷን የመጨረሻው መስመር ላይ አሳረፈች።

«ይቺን ያውጧት» አለችው። «አልታገሥኩም። መቼ እንደሚናገሩ እያየሁ ነበር።»