መታጠፊያው ጋ ያውርዱኝ

ካዛንቺስ ብስክሌት የማከራይበትና የምጠግንበት ትንሽ ሱቅ ስከፍት "ምነው፣ አበድሽ እንዴ?" ያላለኝ ዘመድ የለም። ቢሮ የለመደች ሴት እጇን ግራሶ ውስጥ ስትነክር ማየት እንደ ለቅሶ ሆነባቸው። እኔም "ሆቴሉ ሁሉ እንግዳ ነው፣ የብስክሌት መንገዱም ተሠርቷል፣ በቃ ይሠራል" እያልኩ ለሁሉም አስረዳሁ። ውሸት አልነበረም። ግን ሌላም ምክንያት ነበረኝ። አባቴን ይቅርታ መጠየቅ ፈልጌ ስንት ዓመት አፌ እምቢ ብሎኛል፤ እጄ ይጠይቅልኝ ብዬ ነው።

አባቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሜክሲኮ አካባቢ ወዳለው መሥሪያ ቤታቸው የሚመላለሱት በብስክሌት ነበር። ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ፤ ሰንሰለቱ ሱሪያቸውን እንዳይበላው ደግሞ በቀኝ በኩል ጫፉ ላይ የልብስ መቆንጠጫ። እኔን ከኋላ አስቀምጠው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ያወርዱኛል። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ የክፍሌ ልጆች መቆንጠጫዋን አይተው ሳቁ። በማግስቱ "አባባ፣ መታጠፊያው ጋ ያውርዱኝ" አልኳቸው። ለምን አላሉኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ መታጠፊያውን አላለፉም፤ ለወላጆች ስብሰባ እንኳ የመጡት በእግራቸው ነው። 

ሱቁ ከተከፈተ ጀምሮ አባቴ በየቀኑ ቀድመውኝ ይገኛሉ። ጉልበታቸው አልታዘዝ ስላላቸው አይነዱም፤ ዱካ ላይ ተቀምጠው ፍሬን ይፈትሻሉ። ለስብሰባ የመጡ እንግዶች ባጃቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ሲገቡ እሳቸው መጀመሪያ የሚያዩት ጫማቸውን ነው። የጫማው ክር ከተንዘላዘለ፣ እስኪታሰር ድረስ ብስክሌት አይሰጧቸውም።

"ፈረንጅም ይወድቃል" ይሉኛል፣ ስስቅባቸው።

መቼም የማልሳሳት ሰው አይደለሁም። መንዳት ለማይችሉ እንግዶች ይሆናል ብዬ፣ ከኋላው ወንበር ያለው ባለሦስት ጎማ ብስክሌት በበያጅ አሠራሁ። አንድም ሰው አልተሳፈረበትም። ፎቶ ይነሡበትና ይሄዳሉ። አባቴ "የሙሽራ ጋሪ" የሚል ስም አወጡለት፤ ሱቄን አጣቦ ከረመ።

አንድ የኡራኤል ዕለት ጠዋት አባቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ከሱቁ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ ሲነሡ ጉልበታቸው ያዛቸው። የታክሲው ሰልፍ አያድርስ ነበር።

"ይውጡ፣ በሙሽራ ጋሪዎ ላድርስዎ" አልኳቸው።

ወጥተው ተቀመጡ። ከዚያ ከኮት ኪሳቸው የልብስ መቆንጠጫ አወጡና፣ ፔዳሉን የምመታው እኔ መሆኔን እያወቁ፣ የሱሪያቸውን የቀኝ ጫፍ ቆነጠጡበት። እስከዛሬ ይዘውት እንደሚዞሩ አላውቅም ነበር።

በብስክሌት መንገዱ ቀስ ብዬ ነዳሁ። ኡራኤል ልንደርስ ስንል የማኅበር ጓደኞቻቸው በሩ ላይ ቆመው ታዩን። አባቴ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

"ልጄ፣ መታጠፊያው ጋ አውርጂኝ። ሰው እንዳያይሽ።"

በቁጣ ብለውት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ግን ያሉት ከልባቸው ነው፤ እኔ እንዳላፍር አስበው ነው። እንባዬ መንገዱን ጋረደብኝ።

"አባባ፣ ያኔ በድዬዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ" አልኩ፣ ዞሬ ማየት ስላልቻልኩ ፊት ለፊት እያየሁ።

 መታጠፊያውንም አልፌ ቀጥ ብዬ ነዳሁ። በሩ ሲቀርብ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ይሄ ጋሪ ደወል የለውም እንዴ?"

"አለው፣ አባባ።"

"ታዲያ ደውዪ እንጂ! ይዩን!"